ምኑ ተይዞ

አክስቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረችው ሰው ምን ያህል ምስር እንደሚገዛ በመገመት ነው። ይሄ ደግሞ ሥራ ነው ወይ? ሥራ ነው፤ ደመወዝም፣ ጠረጴዛም፣ ጡረታም ያለው ሥራ። እህል ከውጭ በሚያስመጣ ድርጅት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ፣ በየዓመቱ አዝመራ ከመድረሱ በፊት አንዲት ገጽ ወረቀት ትጽፋለች። ወረቀቷ ላይ ዘንድሮ ስንት ኩንታል ምስር ከውጭ ይምጣ የሚል ቁጥር አለ። ከቁጥሩ በፊት ሁልጊዜ «በግምት» የምትል ቃል ትቀድማለች። በዚህ የተነሳ የመጋዘን ሠራተኞች ስሟን ትተው «እትዬ በግምት» ይሏት ነበር። «እትዬ በግምት፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ብለው ያሾፉባታል። እሷም ሰዓቷን አይታ «በግምት አምስት ከሩብ» ትላቸዋለች፤ ፈገግ እንኳ ሳትል።

ይህን የምጽፈው እኔ የወንድሟ ልጅ ነኝ። ዛሬ በእሷ ወንበር ላይ የተቀመጥኩትም እኔው ነኝ። ስለ እሷ ሳወራ ንዴቴና ፍቅሬ ይደባለቁብኛል። ልለያቸው ብዙ ሞክሬ ስላቃተኝ እንዳሉ አቀርባቸዋለሁ።

ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። በመጀመሪያው ቀን «ሰው የሚገዛው የሚፈልገውን አይደለም፤ ዋጋ የፈቀደለትን ነው» አለችኝ። ከዚያ እህሎቹን እንደ ጎረቤት ታማቸው ጀመር። ስንዴ ግትር ነው፤ ተወደደም ረከሰም ሰው ዳቦ ስለማይተው የሚመጣው መጠን እምብዛም አይነቃነቅም። ሩዝ የደመወዝ ቀን ወዳጅ ነው፤ የሰው ኪስ ሲሞላ ይፈለጋል፣ ሲሳሳ ይረሳል። ምስር ግን ኩርፊያ ያውቃል። ትንሽ ከተወደደ ሰው ፊቱን ወደ ባቄላና ወደ አተር ያዞርበታል፤ ትንሽ ከረከሰ ደግሞ ሁሉም ይጎርፍበታል። ስለዚህ ምስርን የሚገምት ሰው ዋጋውን ብቻ ሳይሆን አመሉንም ማወቅ አለበት አለችኝ።

ወረቀቷ የምትቆመው በአምስት ነገር ላይ ነው፦ በውጭ ዋጋ፣ በመርከብ ኪራይ፣ በቀረጥ፣ በምንዛሪ፣ በመጨረሻም በአገር ውስጥ ምርት። አራቱን ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ማግኘት ይቻላል። አምስተኛው ያለው ማሳ ውስጥ ነው። ሌሎቹ ገማቾች እሱንም ቢሆን በስልክ ጠይቀው ይጨርሳሉ። አክስቴ ግን ምስር ፍሬ መያዝ ሲጀምር ቦት ጫማዋን አድርጋ በጭነት መኪና ትሄዳለች። ከየማሳው አሥራ አምስት የምስር ተክል ነቅላ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ፍሬውን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ገበሬዎቹ «ሴትዮዋ ምን ሆነች?» እያሉ ይስቁባታል። እኔም አንድ ቀን ፀሐይ አናቴን ሲመታኝ ጊዜ «ሰዎቹን ብንጠይቃቸው ምን አለበት?» አልኳት። «ሰው ስጠይቅ አልሰማም» አለችኝ። ትህትና መስሎኝ አለፍኩት።

ከመስኮቷ ሥር የድርጅቱ ግቢ ይታያል። በግራ ሦስት መጋዘን፣ በቀኝ የመኪና ሚዛን፣ መሀል ላይ ትልቁ የብረት በር። በበሩ ጥግ አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ አለች፤ እዚያ ውስጥ ሰማያዊ ኮፍያ አድርጎ የሚቀመጠው የቀን ጥበቃ አባቴ ነው። አባቴ ከአክስቴ በአምስት ዓመት ይበልጣል። ድሮ ገበሬ ነበር፤ ያውም ምስር አብቃይ። መሬቱን ትቶ ከተማ የገባው እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። የጥበቃውን ሥራ ለምና ያስገባችው፣ እኔንም ያስተማረችኝ አክስቴ ናት። በግቢው ያለ ሰው ሁሉ «እህት ማለት እንዲህ ነው» ይላል።

ጠረጴዛዋን ሁለት ጊዜ አዙራዋለች። መጀመሪያ ፊቷ ወደ መስኮቱ ነበር፤ ቀና ባለች ቁጥር ያ ሰማያዊ ኮፍያ ይታያታል። ስለዚህ ጀርባዋን ሰጠችው። ወር ሳይሞላ መልሳ አዞረችው። ለምን ብላት «ማጅራቴን እያየ አላሠራ አለኝ» አለች። አባቴ እኮ የሚያየው ገቢና ወጪ መኪና ነው፤ ወደ ላይ አንጋጦ አያውቅም። ይህንኑ ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሌላም ነገር ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ መስመሩ የተቆረጠ አሮጌ ጥቁር ስልክ ተቀምጧል። አዲስ ስልክ ሲገባ ይሄኛው ይወሰድ ቢባል እምቢ አለች። አዝመራ በደረሰ ቁጥር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ፣ እጀታውን አንስታ ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች። አንድ ቀን ቦርሳዬን ረስቼ ስመለስ እንደዚያ ሆና አገኘኋት። ዓይኗን ጨፍናለች።

«ምን ይሰማሻል?» አልኳት።

«ወፍጮ» አለች።

በአካባቢያችን ወፍጮ የለም። ያን ዕለት ምሳ አልበላ አለኝ። ዕብደት የቤተሰብ ሲሆን እንደ ጉንፋን የሚተላለፍ ይመስለኛል፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ስልክ ሳልነካ ነው አቧራውን የማራግፈው።

ነገሩ የተገለጠልኝ ካቻምና ነው። እሷ ለቆጠራ ማሳ ሄዳ ነበር። እኔ የቀረጥ ማስታወቂያ ስፈልግ የመጨረሻውን መሳቢያ ከፈትኩና አንድ ሰማያዊ ማህደር አገኘሁ። ውስጡ አሥራ አራት ወረቀት አለ። የተጻፉት በአሥራ አራት የተለያዩ ዓመታት ነው፤ ሁሉም ግን የሚያሰሉት የአንድ ዓመት ምስር ነው። እኛ ከመሬታችን ከመነቀላችን በፊት የነበረውን ዓመት። ያው የውጭ ዋጋ፣ ያው ኪራይ፣ ያው ቀረጥ፣ ያው ምንዛሪ። አምስተኛው ነገር በሁሉም ላይ «ከፍተኛ» ይላል። የምስሩን ኩርፊያ ብቻ በየወረቀቱ በጥቂት በጥቂቱ ታጠብቀዋለች፣ ታላላዋለች። ከሥር በእርሳስ፣ በስምንቱ ላይ «መርከቡ ይመጣል»፣ በስድስቱ ላይ «መርከቡ አይመጣም» ይላል። ከሁሉም ኋላ አንድ አሥራ አምስተኛ ወረቀት ነበር፤ ያረጀ፣ ማህተም ያለበት፣ ለሥራ አስኪያጁ በእርግጥ የቀረበው። እሱ ላይ አምስተኛው ነገር «ዝቅተኛ» ይላል።

ስትመለስ ማህደሩን ጠረጴዛዋ ላይ አኑሬ ጠበቅኳት። አየችው። የቦት ጫማዋን ጭቃ እንኳ ሳታራግፍ ተቀመጠች።

«ይሄ የትኛው መርከብ ነው?» አልኳት።

«የእናንተ» አለችኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ።

በዚያ ዓመት ብዙ ምስር የሚገዛ አንድ ትልቅ አገር በድንገት ቀረጡን ከምሮ በሩን ዘጋ። ለእሱ ተብሎ የተዘራው ምስር ገዥ አጣና ዋጋው ተንኮታኮተ። መርከቦችም ጭነት አጥተው ኪራያቸው ወርዷል። እዚህ ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ምስር ተወዶ ሕዝቡ ስላጉረመረመ፣ የገቢ ቀረጡ ለስድስት ወር ተነስቷል። አራቱም ነገሮች በአንድ ድምፅ «ግዙ» ይላሉ። አምስተኛው ብቻ ቀረ። የአገር ውስጡ አዝመራ ጥሩ ከሆነ መርከብ መጥራት በሞላ እንስራ ላይ ውሃ መጨመር ነው። ደካማ ከሆነ ደግሞ አለመጥራት ሕዝብን ማስራብ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሦስት ቀን ሰጣት። ዝናቡ ድልድዩን ወስዶት መንገድ የለም። እሷም ለአገሩ ሁሉ ምስር የሚያበቅለው የእኛ አካባቢ ስለሆነ፣ ወደ ሰፈራችን ወፍጮ ቤት ደውላ ወንድሟን አስጠራች። ያኔ ስልክ ያለው ወፍጮ ቤት ብቻ ነበር።

አባቴ ከማሳ ሮጦ መጣ። ወፍጮው እየጮኸ ነው። እህል ያስፈጩ ሰዎች ዙሪያውን ቆመዋል። «ጋሼ፣ የዘንድሮ ምስር እንዴት ነው?» አለችው።

«ምኑ ተይዞ እታለም» አላት። «ለዘር ከተረፈን ተመስገን ነው።»

እሷም «ዝቅተኛ» ብላ ጻፈች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና። በአያቴ ቤት እህል ጎተራ ሳይገባ አይመሰገንም። አያቴ፣ ከእሱም በኋላ አባቴ፣ ማሳው ምን ቢያምር «ጥሩ ነው» የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። በተለይ ሰው ፊት። እንዲያውም ምርቱ ባማረ መጠን ማማረሩ ይከፋል። በእውነት የተበላሸ ዓመት ሲመጣ ነው «ደህና ነው፣ አይከፋም» የሚባለው፤ ልብን ለማጽናናት። በዚያ ቤት ያደገ ልጅ ይህን ገልብጦ መስማት የሚማረው ከመራመድ ጋር ነው። እኔ የዚያን ዓመት ምስር አስታውሳለሁ፤ ከጉልበቴ በላይ ነበር። አባቴ ማምሻውን ዳር ዳሩን እየዞረ ለብቻው ሲስቅ አይቼዋለሁ። ሰው ሲመጣ ፊቱን ይቋጥራል። አክስቴም እኮ በዚያው ቤት እስከ አሥራ ስምንት ዓመቷ አድጋለች። ያን ቀን ግን እርሳስ በእጇ ነበር።

መርከቡ ወደብ የደረሰው አባቴ አውድማ ላይ ሳለ ነው። ባለፈው አዝመራ ምስር ተወዶ ስለነበር እሱ የጎረቤቱን መሬት ጭምር ተከራይቶ ዘርቷል፤ ሌላውም ገበሬ እንደዚያው። ምስሩ ከሁለት ወገን ተገናኘና ገበያው ላይ ተራራ ሠራ። ዋጋው ወርዶ ወርዶ ለአጫጁ ከሚከፈለው በታች ሆነ። አባቴ «ይመለሳል» ብሎ ጎተራ ውስጥ አስቀመጠው። ዋጋው ሳይመለስ ነቀዙ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት በሬዎቹ ሄዱ፤ ከዚያ መሬቱ። ከተማ ስንገባ እናቴ በአንዲት መስኮት ሱቅ ከፍታ፣ ያንኑ ከውጭ የመጣ ምስር በጣሳ እየሰፈረች ትሸጥ ነበር። ፍሬው ሁሉ እኩል፣ ገርጣ ያለ፣ አፈር የማያውቅ ይመስላል። «የጣለንን እየሰፈርን እንብላ እንግዲህ» እያለች ትስቅ ነበር። ነገሩን ሳትሰማ ሞተች፤ ደግ ሆነላት ወይስ ክፉ፣ አላውቅም።

አክስቴ ተናግራ ስትጨርስ ተናደድኩ። ተናደድኩ ማለት ያንሰዋል፤ ያን ጥቁር ስልክ አንስቼ ግድግዳው ላይ ብወረውረው ደስ ባለኝ። ያስተማረችኝ እጅ፣ ያለበሰችኝ እጅ፣ ያቺን አንዲት ቃል የጻፈችው እጅ ነው። «ወይ አንቺ ንገሪው፣ ወይ እኔ እነግረዋለሁ» አልኳት።

«አንድ ወንድም ነው ያለኝ» አለችኝ። «ጡረታ እስክወጣ ስጪኝ። እኔው እነግረዋለሁ።»

ሰጠኋት። ያ ዓመት ግን የሲኦል ዓመት ሆነብኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አክስቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። አባቴ ሻዩን እየጠጣ፣ አሥር ጊዜ የሰማነውን ያንኑ ወሬ ያነሳል። «መርከቡን የጠራው ባለሥልጣን ነው፤ ጉቦ በልቶ ነው» ይላል። «እታለም ያኔ ሰምታ ቢሆን ትከራከርልኝ ነበር። ምን ታድርግ፣ እሷን ማን ይጠይቃታል» ይልና ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋታል። እሷ ሻይዋን ታማስላለች፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ። በዚያ ሰሞን እኔም ተደብቄ አንድ ወረቀት ሠርቻለሁ። ትክክለኛውን ምርት አስገብቼ፣ የምስሩን ኩርፊያ በራሴ ልክ መዝኜ። የእኔው ደግሞ «መርከቡ ይመጣል፣ ግን ግማሹን ጭኖ፣ ሁለት ወር ዘግይቶ» አለኝ። በሁለት ወር ውስጥ አባቴ ሸጦ ይጨርስ ነበር። ወይም አይጨርስም ነበር። ቀደድኩት፤ ቁጥሮቹን ግን እስካሁን በቃሌ አውቃቸዋለሁ።

የመጨረሻ ቀኗ መጣ። መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለማት፤ «በግምት የሚቆጥር ሰዓት ነው» ብለው ሳቁ። ከሰዓት በኋላ ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ወረደች፤ እኔ ከኋላዋ ነኝ። ከግቢው የሚወጣ ዕቃ ሁሉ በር ላይ ይፈተሻል። አባቴ ግን እሷን ፈትሾ አያውቅም። ያን ቀንም ኮፍያውን ከፍ አድርጎ በሩን ሊከፍትላት ተነሳ። እሷ ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና ባለማህተሙን ወረቀት ሰጠችው።

መነጽሩን አድርጎ በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። ንባብ የተማረው በጎልማሳነቱ ስለሆነ ድምፁን እያሰማ ነው የሚያነበው።

«የአገር ውስጥ ምርት፣ ዝቅተኛ። ምንጭ፣ የአካባቢው ገበሬ፣ በስልክ።» ቀና ብሎ ሳቀ። «ይሄ ውሸታም ገበሬ ደግሞ ማነው?»

«አንተ ነህ፣ ጋሼ» አለችው።

ሚዛኑ ላይ አንድ የጭነት መኪና ወጥቶ ብረቱ ተንቋቋ። አባቴ ወረቀቱን እንደገና አየው፤ አሁን የሚያየው ቀኑን ነው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ዓመታቱን ወደ ኋላ እየቆጠረ ነበር።

«ወፍጮ ቤት» አለ።

«አዎ።»

«ሰው ቆሞ ነበር እኮ። ዙሪያዬን ሰው ቆሞ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«በአባታችን ቤት አነጋገር ነው የነገርኩሽ።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ያን ቀን አልገባኝም። በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ነው የገባኝ።»

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። ይህን ክፍል ለእኔም አልነገረችኝም ነበርና እኔም ወደ እሷ ዞርኩ።

«በማግስቱ መርከቡ ተጠርቷል?» አላት።

«አልተጠራም። አንድ ቀን ቀርቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ድረስ ሄድኩ። ምን እንደምለው አሰብኩ። ‹ወንድሜ የለም ሲል፣ አለ ማለቱ ነው› ልበለው? እሱ ውጭ ተምሮ የመጣ ሰው ነው። ውስጥ እንግዶች ነበሩ፤ ይስቃሉ። አፈርኩ።»

«በምኑ?»

 አባቴ መልሷን አልጠበቀም። ወረቀቱን በአራት አጥፎ፣ ጠርዙን በጥፍሩ ተጭኖ መለሰላት። ይጮሃል ብዬ ነበር፤ ይሰድባታል ብዬ ነበር፤ አንድ ጊዜ ቢመታትም እንኳ መሀል ላይ ልገባ ተዘጋጅቼ ነበር። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«እኔ እህቴን ነበር ያናገርኩት» አለ። «ከስልኩ ማዶ ማን እንደነበረ አላወቅኩም።»

ከዚያ ኮፍያውን አስተካከለና «ካርቶኑን ይክፈቱት» አላት።

መጀመሪያ ለእኔ ወይም ለሌላ ሰው የተናገረ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም የለም። አባቴ አክስቴን አዝሎ ያሳደጋት ሰው ነው፤ «አንቺ»ን የለመደችው ከእሱ አፍ ነው። እሷ ጎንበስ ብላ ካርቶኑን ከፈተች። ሹራቧን አውጥቶ አራገፈው። ኩባያዋን አይቶ መለሰ። የተሸለመችውን ሰዓት ገልብጦ የባትሪውን ክዳን ከፍቶ ዘጋው። እንደ ማንኛውም ወጪ ሰው፣ ሳይቸኩልና ሳያንገላታ ፈተሻት። ሲጨርስ በሩን ከፈተና «ይለፉ» አላት።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። በእኛ ቤት ግን የፈሰሰውም ፈስሶ አልሄደም፤ መሀል ወለሉ ላይ ቆሞ ቀረ። ሦስታችንም በአንድ ገበታ እንበላለን። «ጨው ያቀብሉኝ» ይላታል። «እንቅልፍ እንዴት አደረልዎት?» ይላታል። ጤናዋን ይጠይቃል፣ መድኃኒቷን ከፋርማሲ ያመጣል፣ ስታልፍ ከወንበሩ ብድግ ይላል። አንድ ቀን አልቻልኩም። «አባባ፣ እህትህ እኮ ናት» አልኩት።

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። «አከበርኳት እንጂ።»

እሷ መጀመሪያ ሰሞን «ጋሼ» ማለቷን አልተወችም። ቀስ በቀስ እሱም ቀረ፤ ምክንያቱም «ጋሼ» ባለችው ቁጥር «አቤት፣ ምን ልታዘዝ?» ይላታል። አሁን ሁለቱም በጣም ጨዋዎች ሆነዋል። እንግዳ ሲመጣ «እንዴት የተከባበረ ቤት ነው» ብሎ ይሄዳል።

እኔ በዚህ ዓመት የመጀመሪያ ወረቀቴን ጻፍኩ። ቦት ጫማዋን ወርሼ ማሳ ሄድኩ። ዳር ላይ የቆመ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሰላም ብሎኝ፣ እኔ ሳልጠይቀው «ደህና ነው ልጄ፣ አይከፋም» አለኝ። ወዲያው ጎንበስ አልኩ። ተክሉን ነቅዬ ብቆጥር ከአሥሩ ፍሬ ስድስቱ ባዶ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አክስቴ በእነዚያ ማሳዎች ውስጥ አጎንብሳ ምን ስትፈልግ እንደኖረች ገባኝ። ቢሮ ስመለስ «ዝቅተኛ» ብዬ ጽፌ፣ ምንጩ ላይ የራሴን ስም አሰፈርኩ።

ባለፈው ወር አባቴን ኃይለኛ ትኩሳት ያዘው። በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ መቃዠት ጀመረ። ከመኝታ ክፍሉ «እታለም፣ እታለም» የሚል ድምፅ ሰማን። አክስቴ የያዘችውን ሳህን ጥላ ሮጠች፤ ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት እንደዚያ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም። እኔ በሩ ላይ ደረስኩ። አልጋው አጠገብ ተንበርክካ እጁን በሁለት እጇ ይዛለች።

«አለሁ ጋሼ፤ መጣሁ» ትለዋለች።

አባቴ ዓይኑን ገለጠ። ትኩር ብሎ ፊቷን ረዥም ጊዜ አየው። ከዚያ ፈገግ ለማለት እየሞከረ፣ በዚያ በጨዋ ድምፁ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። «እህቴን ነበር የፈለግኩት።»

አክስቴ እጁን ቀስ አድርጋ አልጋው ላይ መለሰችው። ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ አለበሰችው። «እሺ፣ እፈልግልዎታለሁ» አለችውና፣ ወጥታ በሩን ዘጋች።